ለውዙን ለቅሜ ያወጣሁላት ልብስ ሰፊ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይ? እናታችንን ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? ሚስትህና ልጅህስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ልበልህ እንጂ ልቤ ደህና አይደለም። ግራ ገብቶኛል፤ ለማን እንደማወራው ስላጣሁ ላንተው ጻፍኩ።

እንደምታውቀው በስፌት ቤቱ ለሠላሳ ሁለት ሰው ምሳ አበስላለሁ። ድስቱ ብዙ ነው፣ ማማሰያዬ ግን አንድ። ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ልብስ ሰፊ መጣችና ለውዝ እንደማይስማማት ነገረችኝ። እሺ አልኳት፤ በሆዴ ግን እንደ ጥጋብ ቆጠርኩት።

ሰኞ ዕለት ሩዙን በለውዝ ሠራሁት። ጦሟን እንዳትውል አዘንኩና ድርሻዋን በሳህን አውጥቼ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው ለውዙን አንድ በአንድ ለቀምኩላት። ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ብዪ፣ አንድም የለበትም አልኳት፤ አምናኝ በላች። ሦስት ማንኪያ እንኳ ሳትጨርስ ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ በመኪናው ክሊኒክ አደረሳት። ሐኪሙ፣ ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን አትተርፍም ነበር ብሏል። ኩል ስትኳል ዓይኗን አጠፋች የተባለችው እኔ ነኝ።

ሐሙስ ዕለት ምሳዋን ከቤቷ ቋጥራ መጣችና በሩ አጠገብ ለብቻዋ ተቀመጠች። ወደ ጠረጴዛው ነይ እንዳልላት ፈራሁ፤ ዝም እንዳልላት አንጀቴ አልቻለም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ሲባል ነው ያደግነው፤ ታዲያ አዝኜ ያበላሁት ሰው እንዴት በእጄ ይታመማል? እስካሁን አልገባኝም። ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃት አልተቀየመችም። ለውዝ የነካው ሁሉ ያመኛልና ድስቱንና ማማሰያውን ለዪልኝ፣ አልችልም ስልሽ ደግሞ እመኚኝ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም አለችኝ።

ይቺ እመኚኝ ያለችው ነገር ናት አንተን በሐሳቤ ያመጣችብኝ። እናታችን ለውዝ ቆልታ ሸጣ ነው ያሳደገችን፤ አንተ ደግሞ ጉሮሮዬን በላኝ እያልክ ትሸሽ ነበር። የለውዝ ቆዪ ልጅ ለውዝ ይመርጣል ተብሎ የሰፈሩ መሳቂያ ሆንክ። «መራጩ» የሚለውን ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። አንድ ቀን እጅህን ጠምዝዤ፣ አፍህን ፈልቅቄ ማጉረሴ ትዝ ይልሃል? ፊትህ ሲቀላ ለቅሶ መስሎኝ ነበር። አሁን እንጃ። ዛሬም ድረስ ሳህንህን ይዘህ ጥግ የምትሄደው በዚያ ይሆን? ከሐሙስ ጀምሮ ይህንኑ ሳመላልስ ነው የምውለው።

ልጅህ ለውዝ ሲሰጧት ታለቅሳለች፣ እናታችንም ስታድግ ትለምደዋለች ትላለች ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አታስለምዷት። ሐኪም ዘንድ ውሰዳት፤ እስከዚያ ሕፃን ናት ሳትሉ እመኗት።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ። ይህን ስታነብላት የለውዙ ጋ ቀስ በል፤ እሷ ክፉ አላሰበችም። ሚስትህን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ልጅህን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። አንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ያን ቀን መተንፈስ አቅቶህ ነበር? እውነቱን ጻፍልኝ። አሁን አምንሃለሁ።

እህትህ
ከስፌት ቤቱ ወጥ ቤት፣ ቅዳሜ የካቲት ዘጠኝ ቀን