የጠበቃው ኮት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንደዚያ ስለሚባል ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው። ስልክ ስደውልልህ «ስብሰባ ላይ ነኝ» እያልክ ስለምትዘጋብኝ ይህን ለአውቶብሱ ረዳት ሰጥቼዋለሁ። «በእጁ ሳትሰጠው እንዳትመለስ» ብዬዋለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው። ስብሰባው ይጠብቅሃል።

መጀመሪያ ስለ ከተማህ ልንገርህ። «ነይ፣ የቢሮ ሥራ አዘጋጅቼልሻለሁ፣ ቤቱም ሰፊ ነው» ብለህ የጠራኸኝን ከተማ ማለቴ ነው። እኔ ስገባ አንተ «ለሥራ ተዛውሬያለሁ» ብለህ ሌላ ከተማ ገብተሃል፤ ቁልፉን ከጎረቤት ተቀበልኩ። ሰፊው ቤትህ በሩ ሲከፈት አልጋውን የሚመታ አንድ ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የሚባል አያውቅም። ቀን ላይ ሲግል ሰው የሚኖርበት ሳይሆን ዳቦ የሚጋገርበት ይመስላል። አንሶላ ውሃ ውስጥ ነክሬ እለብሳለሁ፤ ጎኔን ሳልገለብጥ ደርቆ ይጠብቀኛል። ውሃውም ቢሆን ከቧንቧ የሚወርደው ለብ ብሎ ነው።

የምበላው ዳቦና ቲማቲም ነው። ከዚያ የሚተርፍ ስለሌለ የእረፍት ቀኔን ባንክ ቤት አሳልፋለሁ። አትደንግጥ፣ ገንዘብ ኖሮኝ አይደለም። የወረፋ ቁጥር እቆርጥና ማቀዝቀዣው ሥር እቀመጣለሁ፤ ቁጥሬ ሲጠራ እንዳልሰማ ሆኜ ሌላ እቆርጣለሁ። ጥበቃው ነቅቶብኛል። «እህቴ፣ ዛሬም ብዙ ልታስገቢ ነው?» ይለኛል፤ ግን አያስወጣኝም። እሱ ካንተ በተሻለ ተቀብሎኛል።

ሥራ አስኪያጅ ነኝ ያልክበትን ድርጅት አፈላልጌ አገኘሁት። የሰው ልብስ አጥቦ የሚተኩስ ላውንድሪ ሆኖ አረፈው። ባለቤቷን፣ ሁሉም እትዬ የሚሏትን ሴትዮ፣ «ሥራ አስኪያጁ ወንድሜ ነበር» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«የምን ሥራ አስኪያጅ? የተኳሹ እህት ነሽ እንዴ?»

«ተኳሽ?»

«ካውያ ነበር የሚይዘው። እጁስ ጥሩ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የደንበኛ ኮት ለብሶ እናቱን ሊጠይቅ ሄደ።»

ከዚያ ዘርዝራ ነገረችኝ። ለጉዞ የሚወጡ ደንበኞች ልብሳቸውን እዚያው ትተው ይሄዳሉ፤ ተተኩሶ ከኋላ ይሰቀላል። ከነሱ አንዱ ጠበቃ ነው፤ ወር ሙሉ አይመጣም ብለህ ኮቱን አወረድክ። ሰውዬው ሳይታሰብ መጣ፤ ኮቱ የለም፣ ተኳሹም የለም። ስትመለስ ኮቱን ተቀብላ አባረረችህ። ይህን እንደጨረሰች ዞራ፣

«አንቺስ የሰው ልብስ ያምርሻል?» አለችኝ።

«የራሴም አያምረኝም።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ግቢ።»

የቢሮ ሥራህ ይኸውልህ። አንተ በቆምክበት ቦታ ቆሜ እተኩሳለሁ። ውጭው ያቃጥላል፣ ውስጡ በእንፋሎት ያፍናል፤ ላቤ የሰው ሸሚዝ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በሻሽ አስራለሁ።

አንድ ቀን ጠበቃው ራሱ ኮቱን ይዞ መጣ። ግራጫ፣ ቀጭን መስመር ያለው። ገና ሳየው አወቅኩት፤ አባዬ ሳሎን ሰቅሎ «ልጄ አለቃ ሆኗል» እያለ ለመጣው ሁሉ የሚያሳየው ፎቶ ላይ የለበስከው ነው። «ይህን ቁልፍ ማን እንደሰፋው አላውቅም» አለ ጠበቃው። «ቀለሙ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም። ግን ሌሎቹ ሁሉ ሲላሉ እሱ ንቅንቅ አላለም። እንዳትነኩት።» አገላብጬ አየሁት። ክሩን ቁልፉ አንገት ላይ ጠምጥማ ጠምጥማ የምትቋጥረው እማዬ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ አባዬ ትዝ አለኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ አንተን ግን አድምቆህ ከረመ። አባዬ በማያውቀው ሰውዬ ኮት ሲኮራ ኖረ። ናቅኩህ፣ ጋሼ። ተኳሽ ስለሆንክ አይደለም፤ እኔም ተኳሽ ነኝ፣ እንጀራዬ ነው። በራስህ ላብ አፍረህ በሰው ኮት ስለተንጎራደድክ ናቅኩህ።

ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ልቀር ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት ትንሿ እህታችን ደወለችልኝ። ትምህርቷን አቁማ አንተ ዘንድ ልትመጣ ነው። «ጋሼ ሥራ አዘጋጅቶልኛል» አለች። ያው እኔን የጠራህበት ግብዣ ነው፤ ቃሉን እንኳ አልቀየርከውም። ልትጨርስ አንድ ዓመት የቀራትን ልጅ! አውቶብሱ በዚህ ከተማ ስለሚያልፍ መናኸሪያ ወጥቼ ጠበቅኳት። በመስኮት ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ውረጂ» አልኳት።

«ሻንጣዬ ጣሪያው ላይ ነው እኮ።»

«እናወርደዋለን።»

ጥላ ሥር አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ካውያውን፣ ኮቱን፣ ጠበቃውን። ትደነግጣለች ስል ጫማዋን ታያለች።

«እናውቃለን» አለችኝ።

«ማንና ማን?»

«እማዬና እኔ። ቁልፉን ስትሰፋለት ገበሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ አየች። ሰው የገዛ ኮቱ ላይ ቁጥር ያስራል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አለች?»

«ምን ትበለው? ቁልፍ ጎድሎት ለባለቤቱ ከተመለሰ ልጄን ይጣሉታል ብላ ካባዬ ካፖርት ቁልፍ ፈታ ሰፋችለት። ለአባዬ አልነገርነውም፤ ደስ ብሎታል።»

«ይህን እያወቅሽ ነው ሥራ አለ ብለሽ የምትሄጂው?»

«ሥራ እንደሌለማ አውቃለሁ። እማዬ ናት የላከችኝ። ‹ለእናቱ ይህን ያህል የሚዋሽ ልጅ ደህና አይደለም፤ ብቻውን ነው፤ ሂጂና አጠገቡ ሁኚ› አለችኝ።»

«ትምህርትሽስ?»

«ይቆያል።»

እንዴት ቀለል አድርጋ እንዳለችው ብትሰማ! ጋሼ፣ ለማን ነው የምትዋሸው? የዋሸሃት ሴት ውሸትህን በክርና በመርፌ ደግፋ ነው የሸኘችህ። አንተ ስብሰባ ላይ ነኝ ባልክ ቁጥር እሷ ልጄን ምን ነካብኝ እያለች እንቅልፍ ታጣለች። አሁን ደግሞ አንዱን ልጇን ለማስታመም ሌላዋን ከትምህርት ቤት አውጥታ ልካለች። «አልሆነልኝም» ማለት ያን ያህል ከበደህ? ለኔ ብትለኝ እኮ ስቄ እተውህ ነበር።

ትንሿ አሁን እዚሁ ክፍል ውስጥ ናት፤ በሙቀቱ ፊቷ ቲማቲም መስሏል፣ አንዴም ግን አላማረረችም። ወደ ቤት ልመልሳት ብዬ ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ። «እማዬ ተመለሺ ካላለችኝ አልመለስም» ብላለች። እማዬ ደግሞ ካንተ አፍ ሳትሰማ አትላትም፤ ደውዬላት አይቻለሁ። «አንቺ ጠልተሽው ነው» አለችኝ። እስከ ሰኞው አውቶብስ ድረስ ብቻ በስንት ልመና አስቆይቻታለሁ።

ስለዚህ ለእማዬ ደውልላት። ስለ ኮቱ አታውራ፤ ታውቃለች። ታሪክም አትጀምር፤ አንተ ታሪክ ከጀመርክ መጨረሻው አለቃ መሆን ነው። «ደህና አይደለሁም» በላት። ሁለት ቃል ነው። ከዚያ አፍህን ይዘህ የምትልህን ስማ፤ መዋሸትህን ከተውክ ብቻህን እንዳልሆንክ ታውቃለች፣ ልጅቷንም ወደ ትምህርቷ ትመልሳታለች።

ካልደወልክ ልጅቷ ትመጣልሃለች። መናኸሪያ ወጥተህ ሻንጣዋን ተቀበላት፤ ይከብዳል፣ በሁለት እጅህ ያዘው። ልብስ እንዳይመስልህ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጻሕፍቷን ነው ያጨቀችበት፤ አንተ ስትተኛ ልታነብ ነው።

እህትህ፣
ተኳሿ