እጄን ያወጣሁበት ስብሰባ

ሰኞ፣ ጥር 14

ቅናት? እኔ? በት/ቤቱ ዳይሬክተር? ስማ ደብተሬ፣ እህቴ ሶስና አሁን በምሳ ሰዓት ያለችኝ ይሄን ነው። ሰውዬው የተማረ ስለሆነ ቀንተህበት ነው አለች። ምን አለውና! ኮቱ እንኳ ክርኑ ላይ ተጥፏል። እኔ ዊንጌት ጋ ጎሚስታ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ጎማ የት እንደተበሳ በጆሮዬ ብቻ የምለይ ሰው ነኝ። ከአምስተኛ ክፍል ወጣሁ እንጂ ከማንም አላንስም። ቀበሌው ወጣቱን ወክሎ የት/ቤት ኮሚቴ ውስጥ የከተተኝ ለምን ይመስላታል?

ጠቡ የመጣው ከቅዳሜው ስብሰባ ነው። የነሶስና፣ የ12ኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ ታኅሣሥ ላይ ከላይ በመጣ ደብዳቤ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ምትክ የለም። ዳይ/ሩ ተነሳ። ጋሽ መኮንን የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ከት/ቤቱ ጀርባ አሉ፣ በነፃ ያስተምራሉ፣ ፈቃድ ሳንጠብቅ እኛው እንወስን አለ። እኛው! የአባቱ ቤት መሰለው። ባለፈው ቃለ ጉባኤ ሳነብ ሰው ፊት ያረመኝ እሱ አይደል? ተነሳሁ። ጠመኔው የመንግሥት ነው፣ ከላይ ሳይታዘዝ ማንም አይነካውም አልኩ። ሽማግሌው ደግሞ ያለቀ ጎማ ነው፣ ቢጠገንም አይሄድም አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። በሙሉ ድምፅ ውድቅ። ዳይ/ሩ ጸሐፊ ብቻ ነው፣ ድምፅ የለውም። አቀርቅሮ ጻፈ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ!

ረቡዕ፣ ጥር 16

ሶስና አታናግረኝም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ምን ትሠራላችሁ አልኳት። ወንዶቹ ዴስክ ይደበድባሉ፣ እኛ ሹራብ እንሠራለን አለች፤ ለኔ አይደለም፣ ለግድግዳው። ትኮራለች ደግሞ! ማትሪክ አራት ወር ቀረው። ካለፈች ዩኒቨርሲቲ፣ ከወደቀች ቤት። እናታችን ከእንጦጦ ቅጠል እየተሸከመች ነው እዚህ ያደረሰቻት።

ዓርብ፣ ጥር 18

ነደድኩ። ሶስና ሸጎሌ አካባቢ የምትማር የጓደኛዋን የሒሳብ ደብተር ተውሳ መጣች። የነሱም አስተማሪ ተዛውሮ ነበር። ዳይሬክተራቸው ግን ማንንም ሳይጠይቅ በማግስቱ ሰው አስገባ፣ ኮሚቴያቸውም አጸደቀለት። ሁለቱን ደብተር ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አልጀብራ አላውቅም፤ የተጻፈና ያልተጻፈ ወረቀት ግን እለያለሁ። የዚያችኛዋ ሊያልቅ ሦስት ገጽ ቀርቶታል። የሶስና ታኅሣሥ ላይ ቀጥ። ከዚያ ነጭ። ነጭ። ነጭ። የምንፈተነው እኮ አንድ ፈተና ነው አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 22

ጠረጴዛ ልደበድብ ትምህርት ቢሮ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፣ አስተማሪ ላኩ አልኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ አንዱ ፋይል ጎትቶ የራሳችንን ቃለ ጉባኤ ዘረጋልኝ። ታች ፊርማዬ። ትልቅ፣ ከነጭራው።

«ጓድ፣ የምንልከው ሰው የለንም። ጡረተኛውን አስገብታችሁት ቢሆን ማን ይጠይቃችሁ ነበር?»

ቡጢ ባቀምሰው! ግን ምን ብዬ? ወጣሁ። በሩን እንኳ አላላተምኩም።

ሐሙስ፣ ጥር 24

ጋሽ መኮንን ቤት። በት/ቤቱ የጓሮ አጥር ሹልክ ብለው ይግቡ፣ ማንም አያይም አልኳቸው። ደጅ ላይ አቆሙኝ፣ ግባ የለ፣ ቁጭ በል የለ።

«ያለቀ ጎማ ምን ያደርግልሃል፣ ልጄ?»

ሰምተዋል! ወሬ ለቃሚ ሰፈር! ሰላሳ ዓመት በዋናው በር ነው የገባሁት አሉ። ኮሚቴው ራሱ ይጥራኝ፣ ማኅተም ይምታበት፣ ያኔ እመጣለሁ። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ዓርብ፣ ጥር 25፣ ጠዋት

ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ስህተት ነው የምትለዋ ላይ እጄ አልሄድ እያለ። ዳይ/ሩ ሲስቅብኝ ከወዲሁ ይታየኛል። ይሳቅ! ለኮሚቴው ሊ/መንበር የምወስድለት ይሄንን ነው፦

ጓድ ሊቀመንበር፣ ኮሚቴው ለነገ ቅዳሜ ይጠራ። የሒሳብ አስተማሪው ነገር የተበላሸው በኔ ነው። ቆሜ እናገራለሁ፣ ዳይሬክተሩ ባለበት። ጋሽ መኮንን ሰኞ ክፍል ይግቡ፤ የበላይ ደብዳቤ የሚባል አንጠብቅም፣ እኛው እንወስናለን። ይጠራሉ ወይስ አይጠሩም? ዛሬ ከምሳ በፊት መልስ እፈልጋለሁ!