ስልኩ የማይነሳበት ምክንያት

ለእናቴ፣

እማ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? አራሷ ልጅሽ እሌኒስ አጥሚቱ ሰለቻት ወይስ እየጠጣች ነው? ሕፃኑስ ሌሊት ያስተኛችኋል? እኛ ተመስገን ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽና አባዬ ከሚሠራው ወጥ በቀር የሚያመን ነገር የለም። አባዬ ራሱ ደህና ነው። ከእጽዋት ማዕከሉ ሥራ ሲመለስ ግማሹን እንጦጦ በጫማው ተሸክሞ ይገባል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ይስቃል፤ በቃ እንደምታውቂን ነን።

ስልክ አታነሳም ብለሽ ለአባዬ እንደነገርሽው ሰማሁ። ተቀይሜሽም አይደለም፣ ፍቅር ይዞኝም አይደለም። ስልኩ የኔ መሆኑ ቀርቶ ትምህርት ቤት ሆኗል። ገና «ሄሎ» ከማለቴ አምስት ልጅ «ኧረ ዝጊው» ይለኛል። ስለዚህ በወረቀት ልጻፍላት አልኩ። ዓምሃ ጎረቤታችን በሚኒባሱ ፍቼ ስለሚመላለስ በእጅሽ ይሰጥሻል። ጽሑፌ ካስቸገረሽ እሌኒ ታንብብልሽ፤ ግን ድምፄን እያስመሰለች እንዳታነብ ንገሪያት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ስትሄጂ ታናሼ ቦና እግሩ ጄሶ ውስጥ ነበር፤ አደራ ብለሽኝ ነው የሄድሽው። ብዙም ሳይቆይ ርዕሰ መምህሯ አስጠሩኝና የመንፈቁን ፈተና ከክፍሉ ልጆች ጋር ካልተፈተነ ስድስተኛን ይደግማል አሉኝ። መጽሐፉ ደግሞ ለሦስት ልጅ አንድ ስለሆነ እሱ ጋ የለም። አደራሽ ከእግሩ ተነስቶ ጭንቅላቱ ላይ ወጣብኝ።

ሽሮ ሜዳ ነጠላ የምቋጭለት ሂሻም ሱቁ ውስጥ ዋይፋይ አለው፤ ሄጄ ጠየቅኩት። ፊልም እንዳታወርጂበት አለኝ። ልጣላው አፌን ስከፍት ለምኜ መምጣቴ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ከዚያ ወዲህ እጄ ይቋጫል፣ ስልኬ ያወርዳል። እማ፣ ስንት ነገር በነጻ አለ መሰለሽ። መጽሐፉ አለ፣ አስተማሪዎች ሰሌዳ ላይ እየጻፉ የሚያስረዱበት ቪዲዮ አለ፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች አሉ። አንዴ ካወረድሽው ቤት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ቦና እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ እንደ ሹም እያየ ያጠናል። እኔም ኮራሁ።

ኩራቴ የቆየው ሩታ እስክትመጣ ነው፤ የእትዬ ወለተማርያም ልጅ፣ የቦና የክፍል ጓደኛ። ስልኩን አየት አደረገችና ሳቀች። «ይሄ እኮ የድሮው ነው» አለች። ለካ መጽሐፉ ከተቀየረ ቆይቷል። እኔ የተማርኩበትን ሽፋን ሳየው ደስ ብሎኝ ያወረድኩት እሱን ነው። ቦና ደግሞ ከዚያ ላይ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ሸምድዷል። ሩታን ከቤት አባረርኳት። ምን አጠፋች? ምንም። ግን ሳቀች።

ቦና ስልኩን ትራሱ ስር ከቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። አልፈተንም አለ። ልትደግም ነው ወይ አልኩት። አልደግምም፣ እተወዋለሁ አለኝ። ያን ጊዜ ጮህኩበት፤ ቁስቋም ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ጮኼ እስክጨርስ ጠበቀኝና፣

«አንቺስ ትተሽ የለ? ምን ጎደለብሽ?» አለኝ።

እማ፣ በር ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ በጥፊ ልለው ነበር። ቀጥሎ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ልሳደብ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም ሰለቸኝ። ተመልሼ ገባሁ፣ ስልኩን ከትራሱ ስር መዘዝኩና የክፍልፋይ ማካፈልን ቪዲዮ ከፈትኩ፤ እሱ እንደሆነ በድሮውም በአዲሱም ያው ነው።

«የጎደለብኝን ላሳይህ» አልኩት። «ይሄ ሰውዬ ሁለተኛውን ቁጥር ለምንድነው የሚገለብጠው?»

እኔ ስድስተኛ እያለሁ ይሄንኑ ጠይቄ ዝም ብለሽ ገልብጪ ተብያለሁ። ዝም ብዬ ስገለብጥ ስገለብጥ አሥረኛ ክፍል ስደርስ ራሴ ተገለበጥኩ። ቦናም አላወቀውም። ወደኋላ መልሶ አየው፣ እንደገና መለሰው። ሰውዬው ስንቴ ቢመልሱት አይቆጣም፣ እሱን ነው የወደድኩለት። ከዚያ ቦና ለእራት ያስቀመጥኩትን ዳቦ አምጪ አለኝ። ለሁለት ቆረሰውና ግማሹን አንስቶ እዚህ ውስጥ ስንት ሩብ አለ ሲለኝ ሁለት አልኩ። በቃ፣ ማካፈል ማለት ስንቴ ይገባል ማለት ነው አለኝ። ሙሉው ዳቦ ውስጥ አራት ሩብ አለ፣ ስለዚህ ለሩብ ስታካፍዪ በአራት ታባዣለሽ፣ ለዚያ ነው የሚገለበጠው አለኝ። ገባኝ፣ እማ። ያን ቀን እራት አልነበረም፣ ግን ገባኝ።

በማግስቱ አዲሱን መጽሐፍ አወረድኩ። ሩታንም ሄጄ አመጣኋት። ይቅርታ አላልኳትም፤ ነይ፣ አዲሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ አልኳት፣ ከይቅርታ አይበልጥም? እሷ የክፍላቸውን ልጅ ኪያን ጠራች፣ ኪያ ሁለት ወንድሞቹን ጎትቶ መጣ። ስልኩን ጣሳ ላይ አስደግፈን እናያለን። የኔ ሥራ ቪዲዮውን እያቆሙ «አልገባኝም» ማለት ነው፤ ያስረዱኛል። ዝም ብሎ «ገባኝ» ብሎ የሚያልፈኝ ልጅ የለም፣ እኔን ታውቂኝ የለ።

የፈተናው ቀን ዓምሃ በሚኒባሱ አደረሰን፤ ቦና በምርኩዙ እያነከሰ ገባ። እና አለፈ፣ እማ። ሒሳብ ላይ ሩታንም በልጧታል፤ እስካሁን እንዳኮረፈች ናት። ውጤቱን ልንወስድ ስንሄድ ርዕሰ መምህሯ ቤት ማን እንዳስጠናው ጠየቁት። ይሄ ጉረኛ ልጅሽ ማንም አላስጠናኝም፣ እኔ ነኝ እሷን ያስጠናኋት ብሎ ወደኔ ጠቆመ። ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«እሷስ አለፈች?» አሉት።

«ገና አልተፈተነችም» አላቸው።

ልቆነጥጠው እጄን ሰደድኩና ተውኩት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የእሌኒ ባል ወንድም፣ ዮፍታሔ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል አይደል? ፊዚክስ ይችል ከነበረ፣ ከዚህ ጀርባ የጻፍኳቸውን የአሥረኛ ክፍል ጥያቄዎች ሠርቶ በዓምሃ ይላክልኝ። ለጎረቤት ልጅ ነው። ቪዲዮውን አይታ አይታ እምቢ ያላት ቦታ አለ። ልጅቷ ትንሽ ቁጡ ስለሆነች መልሱን ብቻ ጽፎ እንዳይተዋት፤ ከየት እንደመጣ ቀስ ብሎ ያስረዳት በይልኝ።

እሌኒን የማረቻት ማርያም ሕፃኑንም ታሳድግልን፣ አንቺንም በደህና ትመልስልን። ጉልበትሽን እስማለሁ።

መካከለኛዋ ልጅሽ