ፖስታው እስኪከፈት

መስከረም 11
ዛሬም ምንም። ፓምፑ ይሰማል፣ ማቀዝቀዣው ይሰማል፣ ግቢ ውስጥ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ይሰማል። በማሽኑ የምፈልጋት የሞተች ኮከብ ግን... ዝም። ዘጠኝ ዓመት ዝምታ እያዳመጥኩ ደመወዝ እበላለሁ።

አባባ ደወለ። "ያቺ የምትሽከረከረው ኮከብሽ ዛሬም አልተነፈሰችም?"

"አልተነፈሰችም አባባ።"

"ኮርታብሽ ነው" አለ። ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ መልሶ ጠየቀኝ። ረስቶት ነው? ያንኑ መልስ ደገምኩለት።

ጥቅምት 3
የሆነ ነገር አለ። ቀጭን፣ የማይቋረጥ። ከወራት ዳታ ውስጥ ተደምሮ ብቅ ያለ። ለማንም አልተናገርኩም።

ጥቅምት 20
ማቀዝቀዣውን አስጠፋሁ። ድምፁ አለ። ፓምፑን አስጠፋሁ። አለ። የማሽኑ ቴክኒሻን "ቀጥሎ እኔን ልታጠፊኝ ነው?" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ምድር ወደ ኮከቧ ስትጠጋ ድምፁ መቅጠን፣ ስትርቅ መወፈር አለበት። የፓምፕ ጫጫታ ይህን አያውቅም። የኔው ግን ያውቃል። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ሦስት ወር ልከተለውና ከዚያ ፖስታው ይከፈታል። አንዳንዴ አለቃዬና ቴክኒሻኑ በድብቅ የውሸት ምልክት ማሽኑ ውስጥ ይከታሉ፣ ፈላጊው ተኝቶ እንደሆነ ለማየት። ከከተቱ የምልክቱ ቁጥር፣ ካልከተቱ ባዶ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ይታሸጋል። እስከዛሬ በተከፈተ ቁጥር የወጣው ባዶ ወረቀት ነው።

ኅዳር 6
ወንድሜ ደወለ። አባባ ትናንት የገዛ ቤቱ መንገድ ጠፍቶበት ጎረቤት ነው ያመጣው። "ነይ" አለኝ።

"ሁለት ወር ይቀረኛል።"

"እስቲ ሁለት ወር ይጠብቅሽ እንደሆነ እሱን ጠይቂው።" ዘጋብኝ። ነገረኛ። ነገረኛ ነው ግን...

አባባ ጋ ደወልኩ። አላስቻለኝም፣ ነገርኩት። "ያገኘኋት ይመስለኛል። ለማንም እንዳትናገር።"

"ለማን እናገራለሁ ልጄ" አለ። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 2
ፈቃድ ልጠይቅ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

"አባቴ አሞታል፣ ግን ምልክቱን ትቼ እንዴት..."

"ሂጂ፣ አባትሽን እዪ" አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ።

"ምልክቱስ?"

"ምልክቱ የትም አይሄድም።"

ምን ነካው? በዕረፍት ቀን እንኳ የማያስወጣ ሰው። ግኝቱን በስሙ ሊያወጣው ነው። እንደሌለሁ ቆጥሮኛል። የትም አልሄድም።

ታኅሣሥ 25
አባባ ስልክ ላይ "ማን ልበል?" አለኝ። ስሜን ስነግረው "አዎ፣ አዎ" አለ። መስመሩ ጥራት የለውም።

ጥር 28
ፖስታው ተከፈተ።

ባዶ አልነበረም። አለቃዬ ቁጥሩን አነበበ፣ ቀስ እያለ። የኔው ቁጥር። እስከ መጨረሻዋ አሃዝ። ኮከብ የለችም። ኖራም አታውቅም።

ባልደረቦቼ አጨበጨቡልኝ። ምልክቱን በትክክል አግኝቻለሁ፣ አልተኛሁም ማለት ነው። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ መሰለኝ። ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

በኋላ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። "የአባቴን ሁኔታ እያወቁ ለምን አልነገሩኝም?"

መሳቢያውን ከፍቶ የፖስታውን ደንብ አወጣ። "በምንም ምክንያት ለፈላጊው አይነገርም።" ከስር ፊርማ። የኔ ፊርማ። ከአምስት ዓመት በፊት ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። እሱ "ከባድ የቤተሰብ ችግር ካልሆነ በቀር" የሚል እንጨምር ሲል፣ በስብሰባ መሃል "ሳይንስ አልቃሽ አይደለም" ያልኩትም እኔ ነኝ። ምን ልበለው? ሂጂ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በላይ ምን ይበል?

የካቲት 4
ቤት ደረስኩ። ወንድሜ በሩን ከፈተልኝ፣ ሻንጣዬን ተቀበለኝ፣ እንደ እንግዳ በትሕትና አስገባኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ስገባ ተነሳልኝ። እጄን ጨበጠና አንቱ አለኝ።

"ከልጄ መሥሪያ ቤት ነዎት?"

"አዎ" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

አባባ ወንድሜ ማድቤት እስኪገባ ጠበቀ። ከዚያ ጠጋ አለኝ፣ በሹክሹክታ።

"ለማንም እንዳይናገሩ። ኮከቧን አግኝታታለች። ለዚህ ነው ያልመጣችው።"

"አልናገርም" አልኩት።