ኮፈኗ ሳይከፈት ስላለፈች መኪናና ስለታገደው የልጄ መንጃ ፈቃድ

ቀን፦ ኅዳር 12

ለተሽከርካሪ ምርመራና አሽከርካሪ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ማንም ሳያያት «ሙሉ ብቃት አላት» የተባለች መኪና በመንዳቷ የታገደው የልጄ መንጃ ፈቃድ እንዲመለስላት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ በሕይወት የለም። አባቴ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ሴት ልጄና እኔ በአንድ ቤት እንኖራለን። አባቴ ኩላሊታቸውን ስለሚያማቸው በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በመሣሪያ ይታጠባል። እኔ ሥራ የምገባው ማለዳ ነው፤ እሳቸው የሚታጠቡት ደግሞ በከተማው ሌላ ጫፍ ባለ ሆስፒታል ነው። ልጄ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ጓደኞቿን ልታንሸራሽር ሳይሆን አያቷን ልታመላልስ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ይህን አያውቅም፤ አልጠየቀምም።

2. መኪናዋን የገዛሁት ከጎረቤቴ ከጡረተኛው ቀያሽ ነው። ይነዷት የነበሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ ሴትዮዋ ካረፉ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ቁልፏን የነካ የለም። ከግቢው ጥግ ዛፍ ሥር ቆማ ጎማዎቿ ተኝተው፣ ጣሪያዋ በወፍ ኩስ ተሸፍኖ፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ድመት ወልዳበት ነበር። ግራ ስፖኪዮዋ ወድቆ የለም። ቀያሹ ግን ሰው ናቸው፤ አልደበቁኝም። «ሞተሯ ደህና ነው። ፍሬኗን ሳታስመረምሪ ግን ልጅቷን እንዳታስነጂ» ብለውኛል። ልጄ ሦስት ቀን አጠበቻት። አባቴ ወንበር አስወጥተው «እዚያ ጋ ቀርቶሻል፣ እዚህም ጋ» እያሉ ያዝዟት ነበር። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም።

3. የሰፈራችን መካኒክ ባትሪውንና ጎማዎቹን ቀይሮ ሞተሯን አስነሣ፤ የፊት ፍሬን ሸራዋንም ለወጠ። ስለ ኋላው ስጠይቀው «እኔ ማንሻ የለኝም፤ ከሥር በደንብ አይታየኝም። ምርመራ ስትወስጃት በመሣሪያ ያዩልሻል፣ ሥራቸው ነው» አለኝ። ሥራቸው መሆኑን እሱም እኔም አመንን።

4. ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ መካኒኩ ቀስ ብሎ ነድቶ አድርሶን ተመለሰ። ልጄና እኔ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተራ ጠበቅን። መርማሪው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ይስቅ ነበር። መኪናዋ ከመስኮቱ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ቆማለች። ኮፈኗ አልተከፈተም። ወደ ሥሯ ያጎነበሰ የለም። የፍሬን መመርመሪያው መሣሪያ በሸራ ተሸፍኖ የሠራተኞች ጃኬት ተደርድሮበት ነበር። መርማሪው ሊብሬውን ተቀብሎ ቁጥሩን ገለበጠና ማኅተሙን መታ።

እኔም «ይቅርታ ወንድሜ፣ የመጣሁት እኮ የኋላ ፍሬኗን እንድታይልኝ ነው» አልኩት። ቀና ሳይል «እናት፣ ያለፈ መኪና ይዘሽ ምን ታደርቂኛለሽ?» አለኝ። «አላየሃትም እኮ» ስለው «ባላያት እፈርማለሁ?» አለኝ።

5. ክቡር ሆይ፣ ያሸነፈኝ ይህ ጥያቄ ነው፤ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። እኔ አንዲት አንሶላ ለቀዶ ሕክምና ክፍል ከማስረከቤ በፊት ዘርግቼ፣ ወደ ብርሃን ይዤ አያታለሁ፤ ከዚያ እፈርማለሁ። ትልቅ ትምህርት የለኝም። ሳያዩ መፈረም እንደሚቻል በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ አልደረስኩበትም። ይህን ዕውቀት ያገኘሁት ከእናንተ ቤት ነውና አመሰግናለሁ።

6. ከምርመራው በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ልጄ አያቷን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደውን ቁልቁለት ስትወርድ የፍሬኑ መርገጫ እስከ ወለሉ ገባ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። «አባባ፣ ፍሬን የለኝም፣ ጠበቅ አድርገው ይያዙ!» ብላ ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ አወረደች። የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ ሳበች። ክላክስ እየነፋች፣ ጎማዋን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር እያፋተገች ወርዳ ሕንጻ ከሚሠራበት ቦታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ ከተተቻት። አንድም ሰው አልገጨችም። የአባቴ ቀኝ እጅ ከአንጓው ላይ ተሰንጥቋል፤ መርፌ የሚገባበት ግራ እጃቸው ተርፏል። ሰዎች ከመኪናዋ ሲያወጧቸው መጀመሪያ የተናገሩት «ልጅቷን እንዳትቆጧት» የሚል ነው። አሸዋ ይዝቅ የነበረው ሠራተኛ ለትራፊክ ፖሊሱ በሰጠው ቃል «እኔ ብሆን በሩን ከፍቼ እዘል ነበር» ብሏል።

7. መካኒኩ መኪናዋን ማንሻ ወዳለው ጋራዥ አስጎትቶ ሲያይ የኋላው ፍሬን ቱቦ በስብሶ ተቀዷል፤ ዘይቱ ፈሶ አልቋል። «ማንሻ ላይ አውጥቶ አንድ ደቂቃ ያየ ሰው ይሄን አይስተውም» አለኝ። ያኔ የምርመራ ወረቀታችሁን መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ቀደም ብዬ ማንበብ ነበረብኝ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክደውም። በወረቀቱ መሠረት የሌለው ግራ ስፖኪዮ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል»። አረንጓዴዋ መኪና «ነጭ» ናት። ከፋብሪካ ስትወጣም ያልነበራት የኋላ ዝናብ መጥረጊያ «ይሠራል»። የኋላ ፍሬን፦ «እጅግ በጣም ጥሩ»። መርማሪዎ ፍሬኑን ከስፖኪዮው አስበልጦ ማድነቁን ልብ ይበሉልኝ።

8. ከዚህ በኋላ ይቅርታ የሚጠይቀን ሰው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ የዋህነቴን ይታዘቡ። የመጣው ደብዳቤ ነው። «ተሽከርካሪዋ ሙሉ ብቃት የነበራት በመሆኑ አደጋው በአሽከርካሪዋ የልምድ ማነስ የደረሰ ነው» ይላል። በዚህ ደብዳቤ የልጄ ፈቃድ ለስድስት ወር ታገደ። የቴክኒክ ቡድኑን ወክሎ የፈረመው ያው መርማሪ ነው። መኪናዋን ሳያይ እንዳሳለፈ ሁሉ ራሱንም ሳያይ አሳለፈ።

9. ልጄ ደብዳቤውን አንብባ ሁለት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። «እማዬ፣ ምናልባት እውነትም ጥፋቱ የእኔ ይሆን?» አለችኝ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ስለዚህች ጥያቄ ጽሕፈት ቤትዎን ይቅር አልልም። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ጋራዥ ሄደች፤ መካኒኩ እያሳያት መኪናዋ ሥር ገብታ አዲሱን ቱቦ በገዛ እጇ አሰረች። ዛሬ በእናንተ ግቢ ካሉት ሁሉ ይልቅ ስለ ፍሬን የምታውቀው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

10. አባቴ የሚያደርሳቸው አጥተው ሁለት ቀጠሮ አልፏቸዋል፤ እግራቸው አብጧል። ይህን ለጸሐፊዎ ብነግራት «ስድስት ወር ምን አላት? ልጅ ናት፣ ትደርስበታለች» አለችኝ። ልጄስ ትደርስበታለች። አባቴ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ስለዚህ፦

ሀ. ሐሰተኛው ደብዳቤ ተሽሮ የልጄ መንጃ ፈቃድ በአስቸኳይ እንዲመለስላት፤

ለ. የተቀደደው ቱቦ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጧልና ማጎንበስ የሚችል ባለሙያ ተልኮ እንዲያየው፤

ሐ. መርማሪውን በተመለከተ ከሥራው እንዲነሣ አልጠይቅም፤ ከወንበሩ እንዲነሣ ብቻ ይታዘዝልን ዘንድ አመለክታለሁ።

ይህን አቤቱታ ልጄ አንብባ «እማዬ፣ ስድብ በዝቶበታል» ስላለችኝ ሦስት ዓረፍተ ነገር አውጥቻለሁ። የወጡትን በተመለከተ በተጠራሁ ጊዜ በአካል ቀርቤ ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ።

ከተረፈኝ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የአሽከርካሪዋ እናት