ሰባቱ የጥድ ቅርንጫፎች

ከመንደራችን፣ ከማራኬሽ በላይ
ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

ናፍቆትህ ከበረዶው ቀድሞ ቤታችን ለገባው ወንድሜ ለባሱ፤

የስፔን ቲማቲም ተለቅሞ አያልቅም? እኛ ደህና ነን። እማን ጉልበቷን ያማታል፤ ንገሪውም አትንገሪውም አላለችኝም። በስልክ ድምፅህን ስሰማ ቃል ከአፌ እንደማይወጣ ታውቃለህ። ወደ አንተ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ይኸው ጻፍኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና በፊደሌ አትሳቅ።

ከበረዶው በፊት እመጣለሁ ብለህ ነበር። በረዶው ዘንድሮ ቀደመህ። ሦስት ሌሊት ጣለ፤ ግን ስስ ነው፣ ጉልበት አይደርስም። ቅዳሜ የቁልቁለቱ አለቃ አጎቴ ሞሓ እንደ ልማዱ ቤት ለቤት ዞሮ፣ «ነገ ቁልቁለቱን እንከፍታለን፤ ከየቤቱ አንድ ሰው» አለ። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ የከተማ ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት የጥድ ቅርንጫፍ ተሸክሞ እየወረደ ከበረዶው ሥር ድንጋይ ያለበትን የሚያመለክት ሰው ያልላከ ቤት፣ ከእግር ጋር የሚታሰረውን የበረዶ ሸርተቴ የሚያከራይበትን ቦታ ለዚያ የበረዶ ወቅት ያጣል። እማ በሩ ላይ ቆማ መሬት መሬት አየች። እንደኛው ሸርተቴ የሚያከራየው ዛይድ ከአጎቴ ሞሓ ኋላ ሆኖ፣ «ግድ የለም እናቴ፣ ሻይ ቤቱ አጠገብ ያለውን ቦታችሁን እኔ እይዝላችኋለሁ» አላት። ያዘነ አይመስልም ነበር።

እሑድ ጠዋት ያንተን ሸርተቴ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወጣሁ። ጫማህ ጀልባ ሆነብኝ፤ ከሚከራዩት ውስጥ መቆለፊያው የተሰበረውን ትንሹን ቀይ ጫማ አድርጌ በገመድ አሰርኩት። ሰውን በገመድ ወደ ጫፍ የሚያወጡት ወንበሮች ገና ሥራ ስላልጀመሩ ሁሉም በእግሩ ነው የወጣው። ጫፍ ላይ ዘጠኝ ወንዶች ቆመው ነበር።

«ኢቶ፣ ማገዶ ነው የተሸከምሽው?» አለ ዛይድ።

«እኔ ደግሞ ቁርስ ያመጣችልን መስሎኝ!» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ።

አጎቴ ሞሓ እንደማያውቀኝ ሆኖ፣ «የማን ቤት ነሽ?» አለኝ።

«የባሱ።»

«አልሰማሁም።»

«የባሱ ቤት!»

«ደንቡ ሰው ነው ያለው እንጂ ጢም አላለም» አለ ወደ ዛይድ ዞሮ። «ግን ከወደቀች ቦታው ያንተ ነው።»

ወንዶቹ ቅርንጫፎቻቸውን መትከል ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሁሉም የሚተክሉት አምና ድንጋይ በነበረበት ነው! ባሱ፣ በነሐሴ ትልቅ ጎርፍ መጥቶ ነበር እኮ። ወንዶቹ ያኔ ለሥራ ቆላ ወርደው ነበር። ተከልሎ የቆየው ግጦሽ ሲከፈት እዚህ ሣር ያጨድነው እኔ፣ እማና የዛይድ እህቶች ነን። ትልልቆቹ ድንጋዮች ከምንጩ በላይ ከነበሩበት ተንከባለው መጥተው ቁልቁለቱ መሃል ቆመዋል። አንደኛው ላይ ማጭዴን እስል ነበር።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ዘጠኝ ወንድ ሲያየኝ ምን እንደምሆን አንተ ታውቃለህ።

ስለዚህ ወረድኩ። ከጓሮ በስተኋላ፣ ሰው በማያየን ቦታ ስታስተምረኝ፣ «ቁልቁለቱን አትፍሪ፣ ጉልበትሽን እጠፊ» ትለኝ እንደነበረው ጉልበቴን አጠፍኩ። ወደ ግራ ዞርኩ፣ ቆምኩ፣ አንድ ቅርንጫፍ ተከልኩ። ወደ ቀኝ ዞርኩ፣ ሁለተኛውን ተከልኩ።

«ባዶ በረዶ ላይ ምን ትተክያለሽ? ሰላጣ ነው?» ብሎ ዛይድ ከላይ ጮኸ።

ሰባተኛውን ስተክል፣ በራሱ ምልክቶች መሃል እንደ ቀስት ሲወርድ ሰማሁት። ብረት ድንጋይ ሲፍቅ ጥርስ ያማል። ከዚያ አንድ ሸርተቴ ብቻውን በአጠገቤ አለፈ። ዛይድ ተከተለው፣ በቂጡ።

እኔ ግን ቆሜ ደረስኩ። ባሱ፣ ቆሜ ደረስኩ!

አጎቴ ሞሓ ወደ መጀመሪያው ቅርንጫፌ ሄዶ በረዶውን በጫማው ጫረ። ድንጋይ። ሁለተኛው ዘንድ ሄደ። ድንጋይ። ሦስተኛውን አልጫረም። «ምልክታችሁን ንቀሉ!» አላቸው። «እሷ በተከለችበት እንጂ በሌላ ቦታ አንድ ጥድ እንዳላይ።»

ዛይድ ሱሪውን እያራገፈ መጣና፣ «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«በነሐሴ ሣር ሳጭድ ነበርኩ። እህቶችህን ብትጠይቃቸው እነሱም ይነግሩህ ነበር» አልኩት። በሰው ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ለካ ድምፅ አለኝ!

የከተማ ሰዎች ረፋዱ ላይ መጡ፤ እስኪመሽ ሲንሸራተቱ አንድም ሰው አልተጎዳም። አጎቴ ሞሓ፣ ሌላ በረዶ ሲጥል ፊት ሆኜ የምወርደው እኔ እንደሆንኩ ተናግሯል። እማ ማታ ያንተን ሳህን ከመደርደሪያው አውርዳ የኔን የገብስ ሾርባ ቀዳችበት።

ትናንት አንድ ሰው ሻይ ቤቱ በር ላይ፣ «የኢቶ ቦታ የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። አላረምኩትም።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ወረቀቱን ልዘጋው ነበር። የሸርተቴህን የጫማ ማሰሪያ ፈትቼ፣ በትንሹ ቀይ ጫማ ልክ አዲስ ቀዳዳ በስቼ መልሼ ገጥሜዋለሁ። የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ውኃ እንዳይገባባቸው በሰም ደፍኛቸዋለሁ። በደንብ ነው የደፈንኳቸው። ስትመጣ ላንተ ሌላ ጥንድ እንፈልጋለን።

አላህ እጅህን ከቁስል፣ ልብህን ከብቸኝነት ይጠብቅልህ። መንገዱንም ያቅናልህ፤ እማ በሩን አትቆልፍም።

እህትህ
ኢቶ