ረጅም ሰላምታ ያገኘው ሥራ

ለምወድሽ እናቴ ለኡሙሀኒ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ክረምቱ እንዴት ወጣልሽ? ማሽላው፣ ላሟ፣ ጎረቤቱ፣ የባቲ ገበያ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። የዘገየሁት ሥራ ሳላገኝ አልጽፍም ብዬ ስለማልሁ ነውና አትቀየሚኝ።

እማዬ፣ ያሳደግሽኝ ሰላምታ እዚህ መቀሌ መጀመሪያ ጠላቴ ሆኖ ነበር። የቀን ሠራተኞች በማለዳ ከሚሰበሰቡበት ቆሜ፣ የግንበኞቹን አለቃ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አገሩ ስጠይቀው ሌሎቹ ተቀጥረው ይሄዳሉ። ምን ትችላለህ ሲለኝም የተገኘውን ሁሉ እላለሁ። ሁሉን እችላለሁ የሚል ሰው ምንም እንደማይችል ይቆጠራል ለካ! በኋላ በአገሩ ትግርኛ «ከመይ ሓዲርኩም»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ብቻ ብሎ ዝም ማለትን ተማርሁ፤ ያም ሆኖ ድንጋይ ከማቀበል አላለፍሁም።

አንድ ቀን ሲመሻሽ የጨው ግመሎች ከበረሃ ሲገቡ ቆሜ ሳይ፣ ልቤ ባቲ ገባ። ግመሉ ያው፣ አቧራው ያው፣ የአፋሮቹ ድምፅ ያው። ሳላስበው ከገበያችን በለመድሁት ቋንቋቸው ሰላም አልኋቸው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይነግርሽ እንደማይነሣ ታውቂያለሽ፤ ዳጉ የሚሉትን። እኔም ቁጭ አልሁ። ከዝናቡ እስከ ግጦሹ፣ ከተዳረው እስከ ሞተው ተጠያየቅን። የጨው ነጋዴው ሼህ አብዱልወሃብ ቆሞ ሲሰማ ቆየና፣ «እኔ እየቸኮልሁ አስቀይማቸዋለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግመለኞቹን አንተ ተቀበልልኝ» አለኝ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

ወንድሜ ሳሊህ ይህን ሲያነብልሽ ልብ ይበል። ሥራ ፍለጋ ሲወጣ የሚችለውን ለይቶ ይናገር፤ ያ ችሎታ የሚፈለግበትንም ደጅ አጠያይቆ ይቁም። ለግንበኛ አጭር፣ ለግመለኛ ረጅም ሰላምታ ነው።

አሁን ከጨው ክምሩ ተደግፌ ሳንቀላፋ ነጩ ሁሉ ነጠላሽ ይመስለኛል። ጫፉን ልይዝ እጄን ስዘረጋ እነቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ግመለኛ ከሌላ ግመለኛ የሰማውን አወራኝ። በባቲ ገበያ አንዲት እናት ከቆላ የሚወጣውን መንገደኛ ሁሉ እያስቆመች፣ ሰላምታው የማያልቅ ረጅም ልጅ አይታችኋል ወይ ትላለች አለኝ። አለቀስሁ። ያ ልጅ እኔ ነኝ፣ ንገሩልኝ አልሁት። ወሬው ከዚህ ወረቀት ሳይቀድም አይቀርም። ከእንግዲህ ገበያ ስትወጪ ጨውሽን ገዝተሽ ግቢ እንጂ መንገደኛ አታስቁሚ። ልጅሽ አለ።

ሳሊህን ሳሚልኝ። ለዘሃራ ከነልጆቿ፣ ለጎረቤታችን ለጀይሉ ከነቤተሰቡ፣ ለላሟም ሳይቀር፣ ሰላምታዬን አንዲት ቃል ሳታሳጥሪ አድርሺልኝ።

ልጅሽ ሐቢብ
መቀሌ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፰ ዓ.ም.